እናት ከነልጆቿ የምታገግምበት ቤት

አረቄ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ነው። እሳቱ ከሥር ይነድዳል፣ ድፍድፉ በማሰሮው ውስጥ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆው አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ተቀባይ ዕቃ ይወርዳል። መጋጠሚያው እንፋሎት እንዳያሾልክ በጭቃ ይመረጋል፤ ውኃው በሞቀ ቁጥር ይለወጣል። በጎጃም ከተሞችና በየገጠር ገበያው ዳር ይህን የምትሠራው ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜም ሕፃን አዝላ። የጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ የላትም፤ የምትለካው በምላሷ ነው። መጀመሪያ የወረደውን ትቀምሳለች፣ መካከሉን ትቀምሳለች፣ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ወጉ ነውና ቀድማ ቀምሳ ታቀርባለች። ደንበኛው "አብረን እንጂ" ካላት እምቢ ማለት ገበያ ማባረር ይሆንባታል።

ደብረ ማርቆስ ባደግሁበት ሰፈር እንዲህ ያለች ጎረቤት ነበረችን። ጠዋት ቡና ሲጠጣ ስኒውን በሁለት እጇ ትይዘው ነበር፤ ያም ሆኖ ቡናው ይፈስባት ነበር። እኛ ልጆቹ ብርድ ይመስለን ነበር። አንድ ሁለት መለኪያ ስትቀምስ እጇ ይረጋል። ትልቋ ልጇ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ ቤቱን ይዛ ነበር። በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ "ጠበል ትግባ" ተባለና ሄደች። ልጆቹ ተበተኑ፤ አንዱ ወደ አጎቱ፣ አንዷ ወደ አክስቷ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ሰፈሩ "ልቧ ከመጠጡ መች ተለየና" አለ። እሷ ግን የመጣችው ትንሹ ልጅ ታሟል የሚል ወሬ ሰምታ ነበር። ያን ዕለት ማታ ልጁን አቅፋ አደረች። በማግስቱ እሳቱ ነደደ፤ ልጁን የምታበላበት ሌላ ነገር አልነበራትምና።

ይህን የምጽፈው ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱም ያላነሣውን ነገር ለማስረዳት ነው። በተለያዩ አገሮች እናት ከነልጆቿ ገብታ፣ ወራት ተቀምጣ ከሱስ የምታገግምበት ቤት አለ። የቤቱ ሐሳብ ለመናገር ቀላል ነው፦ እናቲቱ ከማሰሮው ትለይ፣ ከልጇ ግን አትለይ። ለመሥራት ግን ከባድ ነው፤ ለምን እንደሚከብድና እንዴት እንደሚሠራ ቀጥሎ እናየዋለን።

ዘግይተው የሚመጡ ሴቶች

የአልኮል ጥገኝነት በሽታ ስለመሆኑ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ ላይ አልቆይም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ተጠይቆ ያልቃል። ጠዋት ለመነሣት መጠጥ ያስፈልግሽ ነበር ወይ? በመጠጥ ምክንያት ማድረግ የሚጠበቅብሽን ሳታደርጊ የቀረሽበት ጊዜ አለ ወይ? ዘመድ ወይም ሐኪም "ቀንሺ" ብሎሽ ያውቃል ወይ? የሚጠይቀው እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው። ጎረቤታችን ብትጠየቅ ኖሮ መልሷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።

ሴቶችን የሚለየው ሌላ ነገር ነው። የሴት ሰውነት የሚይዘው ውኃ ከወንዱ ያነሰ ስለሆነ ያው አንድ መለኪያ በደሟ ውስጥ በርትቶ ይገኛል። ስለዚህ ጉበትና ልብ የሚጎዱት፣ ጥገኝነቱም ሥር የሚሰድደው ከወንዱ ባጠረ ጊዜ ነው። በዚያ ላይ መጠጡ አረቄ ነው። ጠላ በመቶ ሲሰላ ጥቂት አልኮል ሲኖረው አረቄ እንደ አወጣጡ ከ30 በመቶ ያልፋል፤ ዳግም የወጣው ደግሞ ከዚያም ይበረታል።

ቶሎ የምትታመመው ሴት ወደ ሕክምና የምትመጣው ግን ዘግይታ ነው። አንዱ ምክንያት ነውር ነው። ወንዱ ሲጠጣ "ጠጪ ነው" ተብሎ ይታለፋል፤ ሴቷ ስትጠጣ የሚሰጣት ስም እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ሁለተኛውና የከፋው ልጆቿ ናቸው። "ታከሚ" ስትባል የምትሰማው "ልጆችሽን ተይ" የሚል ቃል ነው። ማንን አምና ትተዋቸዋለች? ባል ካለ እሱም ይጠጣ ይሆናል፤ ከሌለ ደግሞ የሌለው በምክንያት ነው።

ማቋረጥ ራሱ የሚያሳምምበት ጊዜ

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ስትጠጣ የኖረች ሴት በአንድ ጊዜ ብታቋርጥ ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎል ደግሞ ይህን ለመቋቋም ራሱን ዘወትር በከፍተኛ ንቃት ላይ ያኖራል። ማደንዘዣው በድንገት ሲነሣ ንቃቱ መቆሚያ ያጣል። ገመድ እየሳበ እንደሚታገል በሬ ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ በአፍ ጢሙ ይደፋል።

ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል ሕመም ሊነሣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን በአንዳንዶቹ ላይ የባሰው ይመጣል፤ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ሰው ማየት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያሉበትን ቦታ አለማወቅ። ይህኛው ካልታከመ ይገድላል።

እንግዲህ አስቡት። ቤተሰብ ተመካክሮ አንዲትን ሴት ሰኞ ዕለት ጠበል ያስገባታል። ማክሰኞ ትንቀጠቀጣለች። ረቡዕ ትወድቃለች፣ አረፋ ትደፍቃለች። ሐሙስ ትጮኻለች፣ የማይታይ ነገር ታያለች፣ ከማይታይ ጋር ትነጋገራለች። በዙሪያዋ ያለው ሰው "ጮኸ፣ ሊለቃት ነው" ብሎ ተስፋ ያደርጋል። እኔ በጠበል የማምን ሰው ነኝ፤ ሰከላ ድረስ ሄጄ ከግሽ ዓባይ ጠበል ተጠምቄያለሁ። ሆኖም የመንቀጥቀጡ፣ የመውደቁና የመቃዠቱ ቀናት ሐኪሞች ከሚያውቁት የማቋረጥ ሕመም ቀናት ጋር እንዲህ ሲገጣጠሙ ዝም ማለት አልችልም። ያቺ ሴት በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጋት አልጋ፣ ነርስና መድኃኒት ነው። ጠበሉ አይሸሽም፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ይጠብቃታል። በኤችአይቪ ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው የብዙ ሰው ሕይወት ጉዳይ ነበር። በየጠበሉ ያሉ አባቶችና አስተናጋጆች "ይህች ሴት ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣችው መቼ ነው?" ብለው ቢጠይቁና አንድ ሳምንት ያልሞላትን ቀድመው ወደ ሐኪም ቢልኩ ስንት እናት ትተርፋለች።

በሆስፒታል ውስጥ ሥራው ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። እንደ ዳያዜፓም ያለ የሚያረጋጋ መድኃኒት በቂ ሆኖ ይጀመርና በየቀኑ እየተቀነሰ ብዙ ጊዜ በሳምንት ገደማ ይቆማል። ይህ መድኃኒት ራሱ ሱስ ስለሚያስይዝ ከፋርማሲ ገዝቶ እቤት መስጠት አይገባም። ሌላው የቤተሰብ ልማድ ደግሞ ግሉኮስ ነው። የደከመ ሰው ስናይ ሁላችንም "ግሉኮስ ይሰቀልላት" እንላለን። ለዓመታት የጠጣ ሰው ግን ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ተሟጦበታል፤ ቫይታሚኑ ሳይሰጥ ስኳሩ ብቻውን ከገባ ያለውን ጥቂት ጨርሶ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ዓይን ይዋልላል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል፣ ማስታወስ ይጠፋል፤ አንዳንዴም አይመለስም። ሐኪሙ ይህን ስለሚያውቅ ቢ1ን ያስቀድማል ወይም አብሮ ይሰጣል፤ ግን ማወቅ የሚችለው ከተነገረው ነው። ቤተሰብ አፍሮ "ጨጓራዋ ነው" ብሎ ካስተኛት ሐኪሙ ጨጓራዋን ያክማል። የምትጠጣውን መጠንና የመጨረሻውን መለኪያ ሰዓት በግልጽ መናገር በዚያች ቀን ቤተሰብ ሊሰጣት የሚችለው ትልቁ ስጦታ ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆነች ጉዳዩ ይጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ባወጣው መመሪያ በአልኮል ጥገኝነት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር የማቋረጡን ጊዜ ተኝታ በሐኪም ክትትል እንድታልፈው ይመክራል፤ የሚንዘፈዘፈው ሰውነት የፅንሱም መኖሪያ ነውና። ለፅንስ "ይህን ያህል ቢጠጣ ችግር የለውም" የሚባል መጠን አይታወቅም። ጫት ለሚቅሙ እናቶች ማቋረጡ ድካም፣ ድብርትና ብዙ እንቅልፍ ያመጣል እንጂ እንደ አረቄው አይጥልም፤ ሆኖም በእርግዝና ጊዜ መቃም ከሕፃን ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛልና በባሕር ዳር ዙሪያ ላሉ የጫት ማሳዎች ቅርብ የሆኑ እናቶች ይህን ለክትትል ሐኪማቸው ሳይደብቁ ቢነግሩት ይበጃቸዋል።

በቤቱ ውስጥ

ከሆስፒታል የወጣች ሴት ደሟ ከአልኮል ነጽቷል፤ ሕይወቷ ግን እንደነበረ ቆይቷታል። አብዛኛው ሰው "ታክማ ወጣች" የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ቤት ሥራውን የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

ለእያንዳንዷ እናት ከነልጆቿ አንድ ክፍል አለ። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው፤ እናቶቹ ተራ ገብተው ያበስላሉ። ልጆች የሚውሉበት ክፍልና አጥር ያለው ግቢ አለ። አጥሩ ለጌጥ አይደለም፤ ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከሚደበድባቸው ሰው የሸሹ ናቸው። ነርስ፣ የምክር ባለሙያ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛና የልጆች ተንከባካቢ በቤቱ ይሠራሉ፤ ሌሊት ተረኛ ታድራለች፤ ሐኪም በቀጠሮ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንግዳና ስልክ ይገደባል። ቆይታው በብዙ ቦታ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ጥናት ተቋም ከ90 ቀን ያነሰ ቆይታ የሚያመጣው ውጤት ውስን መሆኑን ይጽፋል፤ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ የተመለሰችው ጎረቤታችን ልጇ ባይታመምም ገና መጀመሪያው ላይ ነበረች ማለት ነው።

ቀኑ የሚጀምረው በልጆች ነው። እናት ልጇን ታጥባለች፣ ቁርስ ታበላለች፣ ትምህርት ቤት ወይም ወደ ልጆቹ ክፍል ታደርሳለች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የራሷ ነው፦ ከባለሙያ ጋር ለብቻ፣ ከሌሎች እናቶች ጋር በቡድን። ምክር ሲባል ተግሣጽ የሚመስለው ሰው ስላለ ምን እንደሚሠራ ልናገር። እያንዳንዷ ሴት አምሮቷ የሚነሣበትን ሰዓት፣ ሽታና ሰው ለይታ ታወጣለች። የአንዷ ገበያ ሲበተን ነው፤ የሌላዋ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፤ የሌላዋ የባሏን ድምፅ ስትሰማ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ምን እንደምታደርግ አስቀድማ ትለማመዳለች። አምሮት እንደ ክረምት ወንዝ ነው፤ ሲሞላ ማንም አይሻገረውም፣ ዳር ቁጭ ብሎ ለጠበቀው ግን ይጎድላል። ቁጭ ብሎ መጠበቅን በቃል ማወቅ አይበቃም፤ ደጋግሞ መለማመድ ይጠይቃል። ሐኪም ጉበቷን መርምሮ ከፈቀደ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ አምሮት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም ያግዛሉ።

የልጆቹ ሥራ ከእናቶቹ አያንስም፤ እኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ከሚጠጣ ወላጅ ጋር ያደገ ልጅ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው የወላጁን ፊት ማንበብ ነው። እናቱ ጎንበስ ስትል እስትንፋሷን የሚያሸት የአራት ዓመት ልጅ አለ። ይህ ልጅ አልተንቀለቀለም፤ እሱ ዘበኛ ሆኗል። እናቱ ስትዘገይ እንቅልፍ አይወስደውም። ለእሱ ሕክምናው ነገ የሚሆነው ዛሬ የታወቀ ቤት ነው፦ ምሳ በምሳ ሰዓት፣ መኝታ በመኝታ ሰዓት፣ እናት በሄደችበት ሰዓት የምትመለስበት። በማኅፀን አልኮል የደረሳቸው ልጆች ደግሞ በመናገር፣ በትኩረትና በመማር ሊዘገዩ ይችላሉ። ጉዳቱ አይሻርም፤ ቶሎ ከታወቀ ግን ልጁ "ደደብ" ከመባል ድኖ በሚችለው መንገድ ይማራል።

ትልቋ ሴት ልጅ ለብቻዋ መታየት አለባት። ለዓመታት እናት ሆና ኖራለች፤ ወንድሞቿን አጥባለች፣ እሳት አንድዳለች፣ ለሰካራም ደንበኛ መለኪያ ቀድታለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል፤ የምትቀዳው ልጅ ዕድሜ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። እንዲህ ያለች ልጅ ቤቱ ስትገባ ሥራ ትፈልጋለች፤ ካልሠራች ትጨነቃለች። ጎበዝ ተንከባካቢ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ቀስ አድርጋ ትወስድና ለእናቷ ታቀብላለች። እናቲቱ የልጇን ፀጉር ስትሠራ፣ ልጅቱ ጉልበቷ ላይ ራሷን ጥላ ስታንቀላፋ፣ የዚያን ቀን ሕክምና ለሁለቱም ተሰጥቷል።

"ልጆቹን ዘመድ ይያዝ" ለሚል ሰው

ይህ በቅንነት የሚነሣ ጥያቄ ነው። ዘመድ ከመንግሥት ይሻላል፤ አያት ደግሞ ከሁሉ ትሻላለች። ሆኖም ልጅ ለዘመድ ሲሰጥ በተግባር የሚሆነውን እናውቃለን። ወንዱ ልጅ ገጠር አጎቱ ዘንድ በግ ይጠብቃል፤ ሴቷ ልጅ ከተማ አክስቷ ዘንድ ዕቃ ታጥባለች፤ ትምህርት "ለከርሞ" ይባላል። እናቲቱ ይህን ስለምታውቅ ሌሊቱን አትተኛም፤ ያልተኛች ሴት ደግሞ መለኪያውን ታስባለች። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር በገቡባቸው ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ነገር ቢኖር ልጆቿ አብረዋት ያሉ ሴት ሕክምናዋን ሳታቋርጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንደምትቆይ ነው። የቆየች ደግሞ የመዳን ዕድሏ ይሰፋል።

አሜሪካ ለብዙ ዓመታት በሱስ የተያዘችን እናት ልጅ ወስዳ ለአሳዳጊ ስትሰጥ ኖራለች፤ ወጪውንም መንግሥት ይከፍል ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 የወጣው ሕግ ያንኑ ገንዘብ ልጁ ከእናቱ ጋር ማገገሚያ ቤት ሲኖር እስከ 12 ወር ድረስ እንዲከፈል ፈቀደ። ልጅን ከእናት ለመለየት የሚወጣ ብር አብሮ ለማቆየት ሊውል እንደሚችል ለመረዳት ያን ያህል ዘመን ፈጅቶባቸዋል። እኛ ሕጉን ቀድመን ጽፈነዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ በማናቸውም ጉዳይ የሕፃኑ ደኅንነት ቀዳሚ መሆን እንዳለበት ይናገራል።

ሁለተኛው ሐሳብ አንዳንዴ የመጀመሪያውን ይገድበዋል። እናት በስካር ጊዜ ልጇን ክፉኛ የምትጎዳ ከሆነ፣ ወይም የማቋረጡ ሕመም ገና ካልለቀቃት፣ ልጁ ለጊዜው ሌላ ቦታ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ቤት ገነትም አይደለም። ሕፃናት ተሰብስበው ሲኖሩ ጉንፋኑና ተቅማጡ ይዛመታል፤ እናቶች በወጥ ቤት ይጣላሉ፤ ልጇን ምክንያት አድርጋ ለመውጣት የምትፈልግም ትኖራለች። ይህን ሁሉ የሚችል ሠራተኛ ደመወዝና ሥልጠና ይፈልጋል፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ ወር አይሞላም።

እኛ ዘንድ ያለው

በጎጃም የሥነ አእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ፤ በደብረ ማርቆስ ያለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን። የመጀመሪያው ሳምንት በእነዚህ ሊታለፍ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሦስት ልጆች ላሏት ሴት፣ ያውም መንገድ ክፍት በሆነበት ቀን፣ ይህ ርቀት ትንሽ አይደለም። ከሆስፒታሉ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ ከነልጆቿ ወራት የምትቆይበትን አልጋ ማግኘት ነው ጭንቁ።

ቤቱ እስኪሠራ ድረስ ግን ቁርጥራጩን መሰብሰብ ይቻላል። መነሻዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የእናትን እርግዝናና የሕፃን ክትባት የምትከታተለው እሷ ስለሆነች ከጓዳው ድረስ ትገባለች፤ የሚንቀጠቀጠውን እጅም ቀድማ የምታየው እሷ ናት። ቀጥሎ የመድን ደብተሩ ይታይ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ደብተሩ አለው፤ ግን ከጤና ጣቢያ በሪፈር ካልሄዱ ሆስፒታል ላይ ችግር ይገጥማል። ስለዚህ ሪፈሩ አይረሳ።

ከሆስፒታል በኋላ የማይጠጣ ዘመድ ቤት ካለ እናቲቱም ልጆቹም አንድ ላይ ወደዚያ ይግቡ። ልጆቹን ተከፋፍሎ ከመውሰድ ዘመዶች ወጪውን ተከፋፍለው አንድ ክፍል ቢከራዩላቸው ይሻላል፤ ከአረቄ ሰፈር የራቀ፣ ለጤና ጣቢያ የቀረበ። ዕድሩ ይነገረው፤ ወራት ስትቀር ቅጣት እንዳይቆለልባት ዳኛው ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱ "ሕክምና ላይ ናት" ብቻ ይበቃል። መሬት ያላት የገጠር ሴት ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለባት፦ "ስመለስ መሬቴን ወስደውት ባገኝስ?" የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ ካለ መብቷ የጸና ነው፤ ቢሆንም ለእኩል የሚያርስላት ሰው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ይያዝ። ይህ የሱስ ሕክምና አይመስልም። ነገር ግን መሬቷ ያስጨነቃት ሴት አንድ ወርም አትቀመጥም።

መመለስ

ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች መካከል ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት አንድ ጊዜ እንደሚያገረሽባቸው ያው የአሜሪካ ተቋም ይናገራል፤ ይህም ከደም ግፊትና ከአስም ሕመምተኞች ብዙ የራቀ አይደለም። አስም ያገረሸበትን ሰው "አልታከምክም" ብሎ የሚያባርረው የለም። ያገረሸባት እናትም በማግስቱ ወደ ሐኪሟ መመለስ እንድትችል በሩ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ "አሳፈርሽን" የሚል ቃል ያን በር ይዘጋዋል።

በጎጃም መመለስን የሚያከብዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ማኅበራዊ ኑሮው ነው፤ ማኅበር፣ ዝክር፣ ተዝካር፣ ሰርግ፣ ክርስትና ያለ ጠላ አይታሰብም። "ቅራሪ እኮ ነው፣ ምንም የለውም" ይባላል፤ አልኮል ግን አለው። ብርዝ ለእሷ በዚያው ቀን የተበረዘ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ማኅበርተኞቹ ጽዋው ሲዞር ለእሷ ውኃ ቢቀዱላትና ማንም ባያፈጥባት ከብዙ ምክር ይበልጣል። የነፍስ አባትም "በጽዋው ቦታ ውኃ ብትጠጣ ማኅበሩ አይጎድልም" ቢሉላት ሰው ያምናቸዋል።

ሁለተኛው ገቢው ነው። ይህን ያልመለሰ ማገገሚያ ሁሉ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። አረቄ የሚያበላው በሁለት በኩል ነው፤ አረቄው ይሸጣል፣ አተላው ደግሞ በግና በሬ ያደልባል። ለፋሲካ የሚሸጠው የአተላ በግ የልጆቹ ደብተርና ልብስ ነው። እንግዲህ "ሌላ ሥራ ሥሪ" የምትባል ሴት የምታጣው ሁለት ገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብላት ምትክ ብቅልና ጌሾ መሸጥ ነው፤ ሙያውን ስለምታውቀው ቅርብ ይመስላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ የምታገኛቸው ሰዎች አረቄ አውጪዎች ናቸው፣ ዕዳቸውንም በአረቄ ሊከፍሏት ይሞክራሉ። የሚሻለው ከዚያ መንደር የሚያወጣት ነው፦ እንጀራ ጋግሮ ለምግብ ቤት ማቅረብ፣ ዶሮ፣ ቡሬ አካባቢ በርበሬ ቀንጥሶና ደልዞ መሸጥ፣ አዊ ዘንድ የድንች ንግድ፣ ወይም ፈትል። ይህ የሚጀመረው ከቤቱ ከወጣች በኋላ ከሆነ ዘግይቷል። ስድስት ወር ከተቀመጠች ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ሥራውን እየተማረች፣ ደንበኛ እያፈራች፣ በስሟ ባንክ እየቆጠበች መውጣት አለባት።

ዕቃውስ? የሰፈራችን ሴቶች አንድ የሚያውቁት ነገር አለ። አረቄ የወጣበት ማሰሮ ሽታው ቢታጠብ አይለቅም፤ ውኃ ቢቀዳበት ውኃው ይሸታል። ጓዳው ውስጥ ተደፍቶ ቢቀመጥ እንኳ በበጋ ሲሞቅ ይሸታል። ስለዚህ እናቲቱ ከመመለሷ በፊት እህት ወይም ጎረቤት ገብታ ማሰሮውን፣ ሸምበቆውን፣ ተቀባዩንና መለኪያዎቹን ሁሉ ታውጣ። አትሽጠው፤ የሚገዛው የቅርብ ጎረቤት ነውና ሽታው በአጥር ተመልሶ ይመጣል። ትስበረው፣ ምድጃውንም ታፍርሰው፣ ጓዳውን በእበት ትለቅልቀው፤ ልጆቹ የሚተኙበት መደብ እዚያ ይሠራ።